ደረጃ በኩል ያለው ጫፍ

ሐምሌ 4

ውድ ወንድምዓለም፣

አባባ በሰላምታ ያልተጀመረ ደብዳቤ አያስልከኝም፤ ስለዚህ እንደ ወጉ ልሂድ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ከርሟል? እኛ ያው ነን። በዚህ ቤት «ያው» ማለት ትልቅ ጸጋ ስለሆነ ፈጣሪ ይመስገን።

የአባባ ቀኝ እጅ እንደተኛ ነው። ንግግሩ ግን ካለፈው ዓመት ይሻላል፤ ቢያንስ ሲቆጣኝ በምን እንደተቆጣ ይገባኛል። ጠዋት ካጣጠብኩት በኋላ ትራስ ደግፌ አስቀምጬው፣ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አድርጌ አንድ ቢም፣ ምሰሶ ላይ የሚጋደም ተሸካሚ፣ እንዲያሰላ ካልሰጠሁት ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጠ ይውላል። ስለዚህ ከራሴ እየፈጠርኩ እሰጠዋለሁ፤ እሱ በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሞመንቱን፣ የማጉበጫ ኃይሉን፣ ያከፋፍላል። አንተን የእህቱን ልጅና እኔን ልጁን ሳይለይ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያስተማረንን ዘዴ ዛሬም አልለወጠውም። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቆልፉ። እያንዳንዱን ክፍል ብቻውን እንዳለ አስሉት። ከዚያ አንዱን መጋጠሚያ ብቻ ፍቱ፤ ያልተመጣጠነውን ግራና ቀኝ እንደየግትርነታቸው አከፋፍሉ፤ ከድርሻው ግማሹ ወደ ማዶው ጫፍ ይሻገራል፤ መልሳችሁ ቆልፉና ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ የሚሻገረው እዚህ ግባ የማይባል እስኪሆን ድረስ። ዛሬ ጠዋት «ቸኩለሽ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትፈቺ» አለኝ፣ የሃያ ዓመት ተማሪ የሆንኩ ይመስል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ያለው ታላቃችን ወንድም ጋሼ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ እሱ ባለበት ደግሞ እኔ የማወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ወንድም ጋሼ ምድር ቤቱን ሊያከራይ ነው። ተከራዩ የሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። ቤቱን ወዶታል፤ መሐሉ ላይ የተገተረውን ምሰሶ ግን አልወደደውም። እሱ ካልተነሳ እኔም የለሁም ብሏል። ያን ምሰሶ ታውቀዋለህ፣ ስንቴ ግንባራችንን አሳብጦናል። ወንድም ጋሼ «እንግዳው» ይለዋል፣ ሳይጠራ መጥቶ ሳይሄድ የቀረ። ከምሰሶው በላይ ቢሙ አለ፣ ከቢሙ በላይ የአባባ አልጋ።

እኔን የሚመለከተኝ ኪራዩ ነው። ኪራዩ መግባት ከጀመረ ለአባባ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁ ሁለት አስታማሚዎች ይቀጠራሉ። ይህን ወንድም ጋሼ በገዛ አፉ ተናግሯል፣ ሚስቱም ሰምታለች። እነሱ ከተቀጠሩ እኔ መሄድ እችላለሁ፤ የምሄድበት ቦታም አለኝ። አንድ ትልቅ ወንዝ ላይ ድልድይ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በመዋቅር መሐንዲስነት ተቀብሎኛል። ታኅሣሥ አንድ ቀን ሥራ ላይ ካልተገኘሁ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ካንተ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ከዲዛይን ቢሮዬ ለቅቄ ወደዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህን ደረጃ ስወጣና ስወርድ መሐንዲስ መሆኔን የሚያስታውሰኝ የአባባ ቁጣ ብቻ ነው። ወንድምዓለም፣ መሄድ እፈልጋለሁ። ሌላ የማስውበው ነገር የለም።

ስሌቱ ይኸውልህ። ደረጃ በኩል ያለውን ጫፍ ሀ፣ የሚነሳውን ምሰሶ ለ፣ ማድ ቤቱ ጥግ ያለውን ምሰሶ ሐ፣ የጓሮውን ጫፍ መ ብዬዋለሁ። ለ ሲነሳ ከሀ እስከ ሐ ስድስት ሜትር፣ ከሐ እስከ መ አራት ሜትር ይሆናል። ጭነቱ በሜትር ሁለት ቶን። አባባ ቤቱን ሲሠራ የነደፈው ሥዕል እንደሚያሳየው ሁለቱንም ጫፎች የታሰሩ፣ መዞር የማይችሉ አድርጌ ወስጃቸዋለሁ። ሐን ፈትቼ፣ ከመቶ አርባ እጁን ለረጅሙ ስልሳ እጁን ለአጭሩ አካፍዬ፣ ግማሽ ግማሹን አሻግሬ ስጨርስ የረጅሙ ክፍል ሆድ፣ ማለትም መሐሉ ላይ የሚደርሰው 3.33 ቶን ሜትር ነው። እዚያ ያለው ፌሮ እስከ አራት ይችላል። ያልፋል።

ወንድም ጋሼ የእኔን ፊርማ አይፈልግም። «የሱ ይሁን፣ ውጭ የሚሠራ ሰው ነው» ይላል። ተመልክተው፣ ከተስማማህ ፈርምና ላክልኝ።

እህትህ


ነሐሴ 9

ውድ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ አባባ እንዴት ናቸው? እጃቸውን ስሚልኝ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ ምን እሆናለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ለመልሱ ዘገየሁ፣ ይቅርታሽን።

ስለ እኔ ልንገርሽ። ቢሯችን ከመንገድ በታች ነው። በመስኮቱ የምናየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ስለሆነ፣ ዝናብ መጣሉን የምናውቀው ከጫማ ነው። የእኔ ሥራ ሌሎች የነደፉትን ደረጃ መመርመር ነው፤ ሕንጻው ሁሉ ደረጃ አለው፣ ደረጃው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ማታ የምገባበት ክፍል የዳቦ ጋጋሪው ጓደኛዬም ክፍል ነው። እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ፣ እኔ ስወጣ እሱ ይገባል፤ አልጋችን በርዶ አያውቅም። የሥራ ፈቃዴ በመሥሪያ ቤቱ ስም ስለሆነ ሌላ ቢሮ ልሞክር ብል ከዜሮ እጀምራለሁ። አለቃችን ይህን ስለሚያውቅ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

ስሌትሽን ምሳ ሰዓት ላይ በእጅ ሠራሁት። አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ወረቀቱን አይቶ ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ኮምፒዩተር በአንድ ቁልፍ የሚመልሰውን ነገር እየቆለፉና እየፈቱ መድረስ ለእሱ አይገባውም። ኮምፒዩተሩ ላይም አስገባሁት፣ ያንኑ 3.33 አለ። የመደመርም የመቀነስም ስህተት የለብሽም፤ ድሮም በቁጥር አትታሚም። ሥዕሉን አምነን ከተነሳን ሆዱ ይችላል።

የድልድዩን ነገር ሳነብ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ። አንቺ ወንዝ ላይ ቆመሽ ሠራተኛ ስትቆጪ ታየኝ። ይገባሻል፤ ከማናችንም በላይ ይገባሻል።

ፊርማውን በተመለከተ ትንሽ ቀን ስጪኝ። በዚህ አገር የግል ፊርማ ብዙ ነገር ይጎትታል፣ አለቃችንን ሳላማክር ማድረግ ይከብደኛል።

ሥዕሉን ስመለከት ያ ቢም አርማታ የተሞላበት ቀን ትዝ አለኝ። ሁለታችንም ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆነን ነበር። ለማንኛውም ይህን እዚህ ላይ ልተወው፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው።

ናፋቂሽ ወንድምሽ


ነሐሴ 28

ለወንድምዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። አባባ ቢያየው ሰላምታው አጠረ ይል ነበር፣ ግን አላሳየሁትም።

ወንድም ጋሼ ሰባሪዎች ተዋውሏል። ዝናቡ እንዳቆመ፣ መስከረም ሲያልቅ ይመጣሉ። ምሰሶው ላይ በከሰል ትልቅ መስቀል አስምሮበታል፣ እንዳይሳሳቱ ነው መሰለኝ፤ በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ሊሰብሩ ይችላሉ? ተከራዩ በየሳምንቱ እየመጣ በሜትር ይለካል። የገንዳዎቹን ቦታ በጠመኔ መሬቱ ላይ ነድፎታል፤ ሻይ ይዤ በመሐላቸው ሳልፍ ጠመኔውን እንዳልረግጥ እጠነቀቃለሁ። እኔም እኮ በልቤ ሻንጣዬን ጨርሻለሁ። ትናንት አባባን እያገላበጥኩ ሳለ አስታማሚዎቹ እንዴት እንደሚያገላብጡት የማስረዳበትን ቃል ስለማመድ ራሴን ያዝኩት።

ፊርማህ ግን አልመጣም። ወንድም ጋሼ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። መጀመሪያ አለቃው ፈቃድ እስኪሰጠው ነው አልኩት። ሁለተኛ ጊዜ ፖስታ ቤቱን ወቀስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም፤ ሳይፈረም ቢያፈርሰውም አይገርመኝም፣ ስድስት ሜትር ስንት እንደሆነ የሚያውቀው በጨርቅ ብቻ ነው።

አባባ ነገሩን ጠርጥሯል። ከታች የሚለካውን፣ የሚያወራውን ይሰማል፤ የተኛ ሰው ጆሮው ይበረታል። ስሌቱን አሳይኝ ብሎኛል። ሌላ ቢም ሰጥቼ ሸኘሁት። ሠርቶ ሲጨርስ «ይሄ የቤታችን ቢም አይደለም፣ የመጽሐፍ ቢም ነው» ብሎ መለሰልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቢሙ የተሞላበት ቀን ትዝ አለኝ ብለህ ነበር። ምኑ ትዝ አለህ? ሲሚንቶውን ብቻ ለመንገር ወረቀት የምታባክን ሰው አይደለህም። ያየኸው ነገር ካለ በግልጽ ጻፍልኝ። ከሌለ ፈርም። ሁለቱም ይሻለኛል፤ የማልችለው ይህን መሐል ላይ መንጠልጠል ነው።

እህትህ


መስከረም 18

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚመለስ ሰው በእጁ ሰጥቼዋለሁ፣ ከፖስታ ይፈጥናል ብዬ። ሰላምታውን ለሚቀጥለው አቆይልሻለሁ። አባባ ይቅር ይበሉኝ።

ምሰሶው እንዳይነካ። ወንድም ጋሼ እምቢ ካለ በሩን ቆልፊበት።

የማስታውሰውን አንቺም ሳታስታውሺው አትቀሪም። ቢሙ ሊሞላ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ ፌሮው አጠረ። ደረጃ በኩል በሥዕሉ ላይ ያለው ምሰሶ ሊቆም አልቻለም። አባባ ሠራተኞቹን በትነው ሌላ ቀን መጥራት ስላልፈለጉ፣ የቢሙ ጫፍ ለጊዜው ብሎኬት ግድግዳው ላይ ይቀመጥ አሉ። ፌሮው ሲመጣ ግድግዳውን ቆርጠን ምሰሶውን እናቆማለን፣ እስከዚያው አርማታው ከብሎኬቱ ጋር እንዳይያያዝ ባዶ የሲሚንቶ ወረቀት አንጥፉበት ብለው አዘዙን። ያን ወረቀት ያነጠፍነው እኔና አንቺ ነን። አንቺ በዚህ ጫፍ፣ እኔ በዚያ ጫፍ ይዘን ዘረጋነው። ምሰሶው ኋላም አልቆመም። «ለጊዜው» እንደተባለ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ሀ የታሰረ ጫፍ አይደለም። ቢሙ እዚያ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተያዘም፤ ጭነት ሲበዛበት ይዞራል። ሥዕሉ ላይ የታሰረ የሚመስለው ሥዕሉ ስላልታረመ ነው። ሀ ከዞረ ደግሞ እሱ ሊሸከመው የነበረው ሁሉ ወደ ሆዱና ወደ ሐ ይሄዳል። አዲሱን ቁጥር እኔ አልጽፍልሽም፣ በራስሽ እጅ ብትሠሪው ይሻላል። አራትን በጣም ያልፋል።

ከሥሩ የብረት ቢም ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቤበታለሁ። ነገር ግን ለዚያ የአባባን ክፍል ለሳምንታት ባዶ ማድረግ ይጠይቃል፤ እሳቸውን በዚያ ጠባብ ደረጃ ማውረድ እንደማይቻል ሐኪማቸው ነግሮናል። ተከራዩም የሚጠብቅ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው መልሴ ይህን ለምን እንዳልጻፍኩ ትጠይቂኛለሽ። እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ብጽፈው እንደምትቀሪ አውቃለሁ። ድልድይሽን አሰብኩ፣ እጄ ከበደኝ። ሌላም ሌላም ነገር አሰብኩ። ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ትክክል ነው ብዬ ላክሁት፤ ፊርማዬን ግን መላክ አቃተኝ።

ፈጥነሽ መልሽልኝ። መልስሽ እስኪደርሰኝ እንቅልፍ የለኝም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 6

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ዛሬ ሰላምታውን ያጻፈኝ አባባ ነው። «ለልጄ ብለሽ ጻፊ» ብሎ ስለጀመረ ቀሪውን ለመጻፍ ትንሽ ቆየሁ።

በመጀመሪያ እንቅልፍህን ተኛ። ምሰሶው ቆሟል፣ አባባም አልጋው ላይ ነው።

መልእክተኛህ ደብዳቤውን ያደረሰልን ሰባሪዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው። ወንድም ጋሼ ፊርማ መጠበቅ ሰልችቶት ከቀጠሯቸው ቀድሞ አመጣቸው። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የምሰሶውን ልስን መፋቅ ጀመረ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እመለከታለሁ። አላስቆምኳቸውም። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ልስኑ መሬት ሲወድቅ እያየሁ አላስቆምኳቸውም።

ከዚያ አባባ ከላይ ጠራኝ። ስገባ ግራ እጁን ዘርግቶ የስሌቱን ወረቀት ጠበቀ። መሳቢያዬን ከፍቼ አመጣሁለት። መነጽሩን አደረግሁለት። ከታች መዶሻው ይሰማል። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ ጣቱን ሀ ላይ አደረገ።

«እዚህ ማን ቆለፈው?» አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩት። የሲሚንቶውን ወረቀት ስናነጥፍ ከሥር ቆሞ ያየን እሱ ነው፤ ሥዕሉ እንዲህ ይላል ብዬ ልዋሸው አልቻልኩም። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በዚያ በሚጎተተው አፉ እንዲህ አለኝ፦

«አንቺን ብሆን እኔም እዚያው ላይ እቆልፈው ነበር።»

ወንድምዓለም፣ ወርጄ ሰባሪዎቹን አስወጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ መዶሻውን ከሰውየው እጅ ቀማሁት። ወንድም ጋሼ ሠራተኛ ፊት አዋረድሽኝ አለ። ያዋረድኩት ከመሰለው ይምሰለው።

አዎ፣ አስታውስ ነበር። ወረቀቱንም፣ የወረቀቱን ሽታም አስታውሳለሁ። አንተም እንደምታስታውስ አውቅ ነበር፤ ወደ አንተ የላክሁትም ለዚያ ነው። ዝም ብትለኝ እኔም ዝም ልል ነበር። ሁለታችን ዝም ካልን ስህተት ሳይሆን ስምምነት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አንተ ግማሹን ዝም አልክና እኔን ጉድ ሠራኸኝ።

በማግስቱ ከአባባ ጋር እንደገና ሠራነው። ሀን ፈታነው። አሁን ሐ ላይ ያልተመጣጠነውን ረጅሙ ክፍል አንድ ሦስተኛ፣ አጭሩ ሁለት ሦስተኛ ይወስዳል። ለምን እንደሆነ እኔው እንድነግረው አስገደደኝ፤ ግትር የሆነው ብዙውን ስለሚወስድ ነው አልኩት። ይህን ስል ወደ እኔ አልተመለከተም። የሆዱ ከፍተኛ ቁጥር 5.9 ወጣ። ፌሮው የሚችለው አራት። አንዲት ሴራሚክ እንኳ ሳይገባ እላይ ያለው አልጋ ይበቃዋል። ተከራዩ ሌላ ቤት አገኘ፤ አስታማሚዎቹም ከኪራዩ ጋር ሄዱ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ ከዚህ በፊት ምንም ጠይቄህ ስለማላውቅ አዳምጠኝ። ና። ለሁልጊዜ አላልኩም፤ ስድስት ወር። አንተ አባባ ዘንድ ስትቆይ እኔ ድልድዩ ላይ ሥራ እጀምራለሁ፣ ደመወዜ እጄ ሲገባ አስታማሚ እቀጥራለሁ፣ አንተም ተመልሰህ ትሄዳለህ። ፈቃድህ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ቤት ውስጥ አባባ እጁን የሚሰጠው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ለአንተና ለእኔ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ብትደርስ ይበቃኛል። ታኅሣሥ አንድ ይጠብቁኛል።

አዎ ወይም አይ በለኝ። ሌላ ምንም እንዳትጽፍ።

እህትህ


ኅዳር 14

እጅግ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ውድ አባቴ፣ አሳዳጊዬ አባባስ እንዴት ናቸው? ሰላምታዬ ለወንድም ጋሼና ለባለቤቱ፣ ለልጆቹም አንድ በአንድ ይድረስ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ።

መልሱን ያዘገየሁት ልቤ ሸፍቶ እንዳይመስልሽ። ከደብዳቤሽ በኋላ ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ ሳየው ከርሜ ነው። እዚህ ብርዱ ገብቷል። በመስኮታችን የሚያልፉት ጫማዎች ሁሉ ረጃጅም ሆነዋል። ዳቦ ጋጋሪው ጓደኛዬ ጉልበቱን ታሞ ፈረቃው ስለተቀየረ አንዳንድ ቀን ሁለታችንም አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ እንገኛለን፤ ያኔ አንዳችን ወንበሩ ላይ እንቀመጣለን። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን ኑሮዬን እንድታውቂው ነው።

ምሰሶው መትረፉን ስሰማ አንጀቴ ራሰ። አንቺ ጀግና ነሽ። መዶሻውን ስትቀሚ ታየኝና ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አባባ የተናገሩትን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። አለቃችንን ደፍሬ አነጋገርኩት። እንደ ፈራሁት አልሆነም። የዓመቱ ሥራ ተዘግቶ ሲያልቅ የረጅም ጊዜ ፈቃድ ሊሰጠኝ ይችላል፤ ቦታዬንም ለጊዜው ሊያቆይልኝ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ጥር አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ከመጣሁ በኋላ የፈለግሽውን ያህል እቆያለሁ፤ ስድስት ወርም ቢሆን፣ ከዚያም ቢበልጥ። አባባን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ቢም መስጠት የእኔ ሥራ ይሆናል። አንቺ እግርሽን ዘርግተሽ ታርፊያለሽ። በእውነት ይህን ውሳኔ ከወሰንኩ ጀምሮ ደረቴ ቀልሎኛል።

ለአባባ ለግራ እጅ የሚስማሙ ወፋፍራም እርሳሶች ልኬአለሁ፣ በቀላሉ አይወድቁም። የሱፍ ቆብም አለበት። ለአንቺ ሻርፕ ነው፤ ቀለሙን ካልወደድሽው ለሰው እንዳትሰጪ፣ ስመጣ እቀይረዋለሁ።

ስለ ሌላው ሁሉ ስንገናኝ እንነጋገራለን። ደህና ሁኚልኝ፣ ራስሽን ጠብቂ።

እስክንገናኝ የምሳሳልሽ ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ውድ ወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? የኛ ያው ነው። እርሳሶቹ ደርሰዋል፤ አባባ ወዷቸዋል። ቆቡን ቤት ውስጥም ስለሚያደርገው ራሱ ይልበዋል፣ አውልቅ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሻርፑ ጥሩ ነው።

ትናንት ታኅሣሥ አንድ ነበር። ጠዋት ተነስቼ አባባን አጠብኩ፣ ጢሙን ላጨሁ፣ ያደፈውን የትራስ ልብስ ቀየርኩ። ሥራው ካለቀ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አንድ ሰው በዚያ ሰዓት እኔ በምቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥዕል እየዘረጋ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለት ቀን ቀድሜ መቅረቴን በስልክ ነግሬያቸው ነበር፤ የነገርኳቸው ወንድም ጋሼ ሱቅ ውስጥ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሰሶው ላይ የቀረውን ከሰል በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርግ አየሁት፤ ይቅርታው እሱ ይሆን እንደሆነ እንጃ።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጫማ አለ፣ ስለ ጋጋሪው ጉልበት አለ፣ ስለ አለቃህ ደግነት አለ። ታኅሣሥ የሚለው ቃል የለም። አንድም ቦታ የለም፣ ጣቴን እያስኬድኩ ፈልጌዋለሁ። ድልድይ የሚለውም የለም።

አንተ ቁጥር አትረሳም። ልጅ ሆነን አባባ ትናንት የሰጠንን ቢም ዛሬ ሳታይ የምትደግመው አንተ ነበርክ። ቀኑን ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ጥር አጋማሽን የመረጥከው የእኔን ቀን ረስተህ አይደለም። በጥር ብትመጣ ሄዳ የምትቀር እህት የለችም፣ አንተም ስድስት ወር ብቻህን አትያዝም። አባባን አይተህ፣ እግሩን አሽተህ፣ ከእኔ ጋር ትንሽ ተሟግተህ ቦታህ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለህ። መጀመሪያ መልስህ ላይ የሲሚንቶ ወረቀቱን ነገር ሳትጽፍ ያለፍከውም ለእኔ ድልድይ ብለህ ብቻ አልነበረም፤ «ሌላም ሌላም ነገር አሰብኩ» ያልከው ይኸው ነው። ምሰሶው ቢነሳ ኖሮ ማንም አንተን አይጠራህም ነበር።

ይህን ስጽፍ ተናድጃለሁ። አልደብቅህም፣ ገና ለብዙ ጊዜ የምናደድ ይመስለኛል። ግን ደግሞ እኔም ሀን የቆለፍኩ ሰው ነኝ። መውጫ ፈልገህ ያደረግከውን ነገር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለዚያ ነው የሚያመኝ።

አባባ ትናንት ቢም አልጠየቀም። ቀኑን ያውቅ ኖሯል። ምሳውን ሳጎርሰው እጄን ያዘኝ፣ በግራ እጁ አጥብቆ ያዘኝና እስከ ማታ ድረስ አልለቀቀኝም፤ ማንኪያውን በሌላ እጄ አስቀመጥኩት። ከዚያ ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ጣውላውን አምጪ አለኝ።

አለቃህ ቃሉን ሰጥቶሃል፣ ቲኬትህንም ሳትገዛ አትቀርም፤ አትሰርዘው። ጥር ላይ ና። አባባ ቀንና ሌሊት ይጠይቅሃል፣ ስትመጣም ያለቅሳል። ስንት ሰዓት እንደምትደርስ ማሳወቅ አያስፈልግህም። በሩን የሚከፍትልህ አታጣም፤ እኔ እዚሁ ነኝ።

እህትህ